ወደ ድሬና ሐረር፦ በባቡር፣ በባስ ወይስ ፍራሽ በተነጠፈበት ሚኒባስ?

ቤተሰቤ ድሬዳዋ ነው፤ ሥራዬ አዲስ አበባ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እመላለሳለሁ። አውሮፕላኑንም፣ ባቡሩንም፣ ባሱንም ሞክሬያለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በአጎቴ ልጅ ሚኒባስ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን፣ መንገድ ላይ እያደርን መሄድ ጀምረናል። ይህን የሰሙ ጓደኞቼ "የትኛው ይሻላል?" እያሉ ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ ለመድረስ አይቸኩሉም። የምሥራቅን ሰው ማወቅ ይፈልጋሉ። አብረው ቁጭ ብለው መጫወት፣ ቤት ገብተው ቡና መጠጣት ያምራቸዋል። ስለዚህ ሁሉንም የማወዳድረው በአንድ ነገር ነው፤ በየትኛው ብትሄዱ ከማን ጋር ትገናኛላችሁ?

መንገዱን ላስቀድም። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ 515 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ትሄዳላችሁ። ከዚያ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አሰበ ተፈሪ (ጭሮ)፣ ሂርና፣ ቁልቢ። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ግራ ቁልቁል ድሬ ነው። ቀጥታ ከሄዳችሁ አለማያን፣ አወዳይን አልፋችሁ ሐረር ትገባላችሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል 50 ኪሎ ሜትር ከምናምን ብቻ ነው ያለው፤ አየራቸው ግን ሌላ ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው በዚህ ልዩነት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሽቅብ ወደ ሐረር መውጣት ስላቃተው በ1902 እ.ኤ.አ. ከተራራው ሥር ቆመ። ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። ዛሬም ባቡርም አውሮፕላንም የሚያወርዳችሁ ድሬ ነው። ለሐረር ሌላ መኪና መያዝ ግድ ነው።

ስለ አውሮፕላን ብዙ የምለው የለኝም። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለሐዘን፣ ለሠርግ፣ የታመመ ሰው ለመጠየቅ ከሆነ በሱ ሂዱ። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ሰላምታ ሳትጨርሱ ትወርዳላችሁ።

ባቡሩ

እናቴ ስለ ድሮው ባቡር ስታወራ የምታነሳው ጣቢያዎቹን ነው። በየትንሿ ጣቢያ ይቆም ነበር። ሴቶች በመስኮት ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ወተት ያቀብላሉ። ተሳፋሪው ወርዶ ዘመድ ስሞ ይመለሳል። ያንን ፍለጋ አዲሱን ባቡር የሚሳፈር ሰው ቅር ሊለው ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው፤ ከየከተማውም ይርቃሉ። የድሬው ጣቢያም ከተማው ውስጥ የለም። ከዚራ ሰፈር ያለው የድሮው ጣቢያ፣ ለገሀሩ ነው። ከአዲሱ ጣቢያ ወደ መሐል ከተማ ለመግባት ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ትይዛላችሁ።

ግን ባቡር አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ለረጅም ሰዓት ከማታውቁት ሰው ጋር ያስቀምጣችኋል። ሾፌሩ ፈጠነ ዘገየ ብሎ የሚጨነቅ የለም። ሰው ይነሳል፣ ይንጎራደዳል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ባለፈው ጊዜ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ እናት ገና አዳማ ሳንደርስ ፌስታላቸውን ፈቱ። "ብላ እንጂ ልጄ" ብለው እንጀራ አቀበሉኝ። እኔ የያዝኩት ውሃ ብቻ ነበር፤ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ሦስት ሰው የሚበቃ ዳቦና ሙዝ ሳልይዝ አልሳፈርም።

ሁለት ነገር አስታውሱ። መታወቂያ ያዙ። ባቡሩ የሚነሳበትን ቀንና ሰዓት ደግሞ ቀደም ብላችሁ አረጋግጡ፤ ፕሮግራሙ ይቀያየራል።

ትልቁ ባስ

ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ ድሬ ወይም ሐረር ያደርሳል። ወንበሩ ይመቻል። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ነው። ለጨዋታ ግን ከሁሉም ደካማው እሱ ይመስለኛል። ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ ስልኩን ያያል። ዕድላችሁ የምሳ ሰዓት ነው። ያኔ ብቻችሁን ጥግ አትያዙ። ሁለት ሦስት ሰው የተቀመጠበት ገበታ ሄዳችሁ "አብረን እንብላ?" በሉ። እምቢ የሚል አላጋጠመኝም። ሒሳቡን ማን ይክፈል በሚለው ግብግብ ብቻ ግማሽ ወዳጅ ትሆናላችሁ።

በየከተማው መኪና እየቀየሩ

ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ ጊዜ ካላችሁ፣ እኔ የምመርጥላችሁ ይሄንን ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ። ከአዳማ አዋሽ። ከአዋሽ አሰበ ተፈሪ። ከዚያ ድሬ ወይም ሐረር። አሰበ ተፈሪ ላይ አንድ ሌሊት እደሩ፤ ከአዋሽ ሙቀት በኋላ ብርዱ ያሳርፋል።

ቁም ነገሩ መናኸሪያው ላይ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ አለ። ሰው የሚማረርበት ይሄ ጥበቃ ለእኛ ሲሳይ ነው። አንድ ጊዜ አሰበ ተፈሪ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ "የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። አልሆነም። የአያቴን ነገርኳቸው። ዝም ብለው አሰቡና ድሬ፣ መጋላ ሰፈር የነበረውን የአያቴን ሱቅ አቀማመጥ ከበሩ ቀለም ጋር ነገሩኝ። ሱቁን እኔ አላየሁትም፤ ሳልወለድ ነው የተዘጋው። ቀጥታ በባስ ሄጄ ቢሆን ኖሮ እኒህን ሰው አላገኛቸውም ነበር።

የዚህኛው ችግር ጥንቃቄ መፈለጉ ነው። ትርፍ የጫነ መኪና ላይ አትውጡ። ሾፌሩ ከፈጠነ "ቀስ በል" በሉት፤ ሌላው ተሳፋሪም ያግዛችኋል። በጨለማ አትጓዙ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሰው ጠይቁ። ለዚህ ከሾፌሮች የተሻለ የለም።

ፍራሽ ያለበት ሚኒባስ

አሁን ወደምወደው ደረስኩ። አንዳንድ ፈረንጆች አልጋ፣ ማድ ቤትና መታጠቢያ ያለው መኪና ይዘው ሐረር ድረስ ይመጣሉ። በየአገራቸው ለእንዲህ ያለ መኪና የተዘጋጀ ማደሪያ አለ። ውሃ ትቀዳላችሁ፣ መብራት ትሰካላችሁ፣ ቆሻሻ ትደፋላችሁ። በኛ መንገድ ላይ ያ የለም። እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። የኋላ ወንበሮቹ ላይ ጣውላ አጋደምን፣ ፍራሽ አነጠፍንበት፣ መስኮቶቹን በሻሽ ሸፈንን። ወንበር ነቅላችሁ ለዘለቄታው ልትቀይሩት ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ።

በመጀመሪያው ጉዞ ምንም አልነበረንም። ውሃ ስንፈልግ ሰው ቤት እንጠይቃለን። ሽንት ቤት ስንፈልግ ሻይ ቤት እንገባለን። ለማደር የሆቴል ግቢ እናስፈቅዳለን፤ ከዘበኛው ጋር እሳት እየሞቅን እናመሻለን። በሦስት ቀን ውስጥ ስማቸውን የያዝኳቸው ሰዎች አሥራ ምናምን ደረሱ።

ለሁለተኛው ጉዞ ተዘጋጀን። ትልቅ የውሃ በርሜል፣ ቡታጋዝ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ የታሸገ ምግብ። ምንም ሳይጎድልብን ሄድን። ምንም ስላልጎደለን ማንንም አልጠየቅንም። ውስጥ አብስለን፣ ውስጥ በልተን፣ መጋረጃ ዘግተን ተኛን። ድሬ ስንደርስ እናቴ "መንገዱ እንዴት ነበር?" አለችኝ። የምነግራት ሰው አልነበረኝም። በጣም ከፋኝ።

ስለዚህ ምርጫው መኪና በመያዝና ባለመያዝ መካከል ብቻ አይደለም። ምን ያህል ልሙላው የሚለውም አለበት። እኔ አሁን የምይዘው ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን፣ የእጅ ባትሪ፣ የመድኃኒት ቦርሳ፣ ትርፍ ጎማና የቡና ዕቃ ነው። ከቡናው ዕቃ ላይ አልቀንስም። ስኒው ከአሥር አያንስም፣ እኛ ሁለት ብንሆንም። አመሻሽ ላይ በፈቀዱልን ግቢ ከመኪናው ወርደን ከሰል እናያይዛለን፣ ቡናውን እንቆላለን። ሽታው ጎረቤት ይጠራል። ሁለተኛው ሳይቀዳ ሰው ይመጣል። በተለይ የሐረር ቡና ከሆነ አንዱ ቀምሶ "ይሄ ከየት ወረዳ ነው?" ብሎ ክርክር ይጀምራል።

የመኪና ጉዳቱ ወጪውና ድካሙ ነው። ናፍጣ ለብቻ ይከብዳል፤ ለአራት አምስት ሆናችሁ ብታዋጡ ይቀላል። አንዳንዴ ማደያ ላይ ሰልፍ አለ፤ ግማሽ ሲሆን ሙሉ። ከደንገጎ ወደ ድሬ ስትወርዱ በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬኑን አታግሉት። ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚከንፉ መኪኖች ከኋላ ሲመጡ ዳር ይዛችሁ አሳልፏቸው። የነሱ ገበያ ደቂቃ አይጠብቅም፤ ከነሱ ጋር መፎካከር አደገኛ ነው።

የት ታድራላችሁ?

ይሄ ከመኪናው ይበልጣል፤ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

መተሐራና አዋሽ አካባቢ ከአስፋልት ወጥታችሁ ሜዳ ላይ አትደሩ። ሰው የለም ብላችሁ የምታስቡት ሜዳ የከረዩ ወይም የአፋር ከብት አርቢዎች ግጦሽ ነው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም እዚያው ነው፤ እዚያ የሚያድር ሰው በፓርኩ ፈቃድና ቦታ ነው። እኛ የምናድረው አዋሽ ሰባት ከተማ ውስጥ ነው። ከድሮው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሆቴል አለ፤ ቡፌ ዳዋሽ ይሉታል። ባታድሩበት እንኳ በረንዳው ላይ ምሳ ብሉ። የባቡር ዘመን ወሬ የሚያውቅ ሰው እዚያ አይጠፋም።

ድሬ ከገባችሁ ደቻቱን ተጠንቀቁ። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው። ለመኪና ማቆሚያ የተሠራ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከተማው ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ድሬ ላይ ዝናብ ሳይኖር ደጋው ላይ ከዘነበ ውሃው ይመጣል። እኛ ቤት ያንን ሌሊት ማንም አይረሳውም። ደቻቱም ሆነ ሌላ ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ በየትኛውም ወር፣ መኪና አቁማችሁ አትተኙ።

ሙቀቱም አለ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ድሬ ውስጥ መኪና ውስጥ መተኛት አይቻልም። ዘመድ ካላችሁ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጡ፣ ከሌላችሁ ክፍል ተከራዩ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ይሻላል። መኪና ውስጥ ማደር የፈለገ ሰው ቀኑን ድሬ ውሎ ለአዳር ወደ ሐረር ወይም አለማያ መውጣት ይችላል። ግን ሳይመሽ ይውጣ።

ሐረር ላይ መኪናው ሥራውን ይጨርሳል። በግንብ በታጠረው የድሮ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መንገዶች ለእግርና ለአህያ የተሠሩ ናቸው። በዋናው መንገድ እስከ ፈረስ መጋላ መኪና ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። እኛ ከግንቡ ውጭ ጥበቃ ባለው ሆቴል ግቢ እናቆማለን። ምግብ፣ በተለይ ሥጋ፣ ከመኪናው ውጭ አታሳድሩ። ጅብ በሌሊት በግንቡ ዙሪያም በጀጎል ውስጥም ይዞራል፤ ሐረሮች አብረውት መኖር ያውቁበታል፣ የመኪናችሁን ፌስታል ግን አይምርም።

ለሁለት ሌሊት ደግሞ ፍራሹን ተዉትና ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉ የሐረሪ ቤተሰቦች ጋር እደሩ። ጌጋር፣ ማለትም የሐረሪው ቤት፣ ለእንግዳ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ገብታችሁ የምታገኙት ከፍ ዝቅ ብሎ የተሠራ መቀመጫ ነው፤ ነደባ ይባላል። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ የቤቱ እመቤት እስክታሳያችሁ ጠብቁ። ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተሸፈነ ነው። ስለ አንዱ ስፌት ጠይቁ፤ ማን እንደሰፋው፣ ለማን ሠርግ እንደሆነ ትነግራችኋለች። ከሰዓቱ በዚያ ያልቃል።

ድሬ ወይስ ሐረር?

ለሰው መተዋወቅ ብቻ ከሆነ ሁለቱ የተለያየ አመል አላቸው። ድሬ መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ። ጠዋት ፋጢራ ቤት፣ ከዚያ ቀፊራ ገበያ፣ አመሻሽ ላይ ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ። "አቦ፣ ና ቁጭ በል!" የሚላችሁ ሰው ስማችሁን እንኳ አልጠየቀም። አንቱታ ብዙ አትሰሙም። ልጅ ትልቁን ሰው "አንተ" ሲለው ብትሰሙ አትደንግጡ፤ እዚህ ንቀት የለበትም፣ ቅርበት ነው። እናንተ ግን እንግዳ ናችሁና ለሽማግሌ አንቱ ብትሉ አይከፋም። "ተወው አቦ" ሲሏችሁ ትተዋላችሁ።

ሐረር ቀስ ይላል። በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ከተማውም ሰውም በር በበር ነው የሚከፈተው። የመጀመሪያው ቀን ሰው ያያችኋል። በሁለተኛው ቀን ሰላም ይላችኋል። በሦስተኛው ቀን "ትናንት የት ጠፋችሁ?" ይላችኋል። ስለዚህ ለሐረር ሦስት ቀን ካልያዛችሁ ጉዞው ለፎቶ ይሆናል። ሰኞ ወይም ሐሙስ ከገጠማችሁ ባቢሌ የግመል ገበያ ድረስ ሂዱ፤ ከሐረር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በሁለቱም ከተሞች ከምሳ በኋላ ሰው ለማግኘት አትልፉ። ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ያርፋል ወይም በርጫ ላይ ይቀመጣል። ጫት ባትቅሙም ከጋበዟችሁ ገብታችሁ ሻይ ወይም ሆጃ ጠጡ፤ ማንም አያስገድድም፣ ጨዋታው ግን እዚያ ነው። በረመዳን ከሆነ ቀን ላይ በአደባባይ አትብሉ። ለአፍጥር ከተጠራችሁ ቴምር ይዛችሁ ሂዱ። ሰላምታ ደግሞ ብዙ በር ይከፍታል። ለኦሮሞው "አካም ጅርታ"፣ ለሶማሌው "ኢስካ ዋረን"፣ ለሁሉም "ሰላም"። ስትሳሳቱ ያርሟችኋል።

ቁልቢ

በኛ አገር መኪና ውስጥ አድሮ መንገደኛ ጋር መዋል አዲስ ነገር የሚመስለው ቁልቢን ያልሄደ ሰው ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ክብረ በዓል የሚመጣው ሕዝብ በባስ፣ በአይሱዙ፣ በቤት መኪና፣ በድንኳን ያድራል። ከድሬ በእግሩ የሚወጣም አለ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው፣ ለስለት። ዛሬም ሰው ስለቱን ተሸክሞ ይመጣል፤ ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ ልጅ። የቆመ መኪና ሁሉ ጎረቤት አለው። አንዱ ሽሮ ይሠራል፣ ሌላው ዳቦ ይቆርሳል፣ ሦስተኛው ለማያውቀው ልጅ ብርድ ልብስ ያለብሳል። በሁሉም ጉዞዬ ይህን የሚያህል አላየሁም። መጨናነቁ ግን ከባድ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ካልገባችሁ መኪና ማቆሚያ ሩቅ ነው። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ውሃ ይወደዳል፣ ኪስ አውላቂም አይጠፋም።

የኔ ምርጫ ይህ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ በየከተማው መኪና እየቀየራችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ በባቡር። ባልና ሚስት ከትንንሽ ልጆች ጋር ከሆናችሁ ሁለቱንም ጊዜ በባቡር፤ ድሬ ደርሳችሁ ለሐረር ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ። አራት አምስት ጓደኛሞች ሆናችሁ አንድ ሳምንት ካላችሁ ሚኒባሱን ውሰዱ፦ አንድ ሌሊት አዋሽ፣ አንድ አሰበ ተፈሪ፣ አንድ ድሬ፣ ሦስት ሐረር። ፍሪጁን ቤት ተዉት።

እኛ ዘንድሮ ለታኅሣሡ ቁልቢ በ15 ከአዲስ አበባ እንነሳለን። እናቴ ከድሬ ትወጣና እዚያ ታገኘናለች፤ ስለት አለባት። ስኒውን ወደ ሃያ አድርሱት ብላናለች።